የሴናተሩ ደብዳቤ ለማን ነበር? ስለ ስትሮም ተርሞንድ ለተጻፈው ውዳሴ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ ስለ አሜሪካዊው ሴናተር ስለ ስትሮም ተርሞንድ በአማርኛ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ላከልኝ። «ምን ትላለህ?» የሚል አንድ መስመር ብቻ አክሎበታል። በምሳ ሰዓት ጀመርኩት፣ ማታ ጨረስኩት፣ ሌሊቱን ደግሞ እየተገላበጥኩ ስከራከረው አደርኩ። እንቅልፍ ከሚነሳኝ ጽፌው ይውጣልኝ ብዬ ነው።

ጽሑፉን ላላያችሁት ባጭሩ እንዲህ ይላል። ተርሞንድ ሳውዝ ካሮላይናን ወክሎ ወደ 48 ዓመት ገደማ ሴናተር የነበረ፣ መቶኛ ልደቱን እዚያው ወንበሩ ላይ ያከበረ ሰው ነው። ስሙ በዘረኝነት የሚነሳው አለአግባብ ነው። ጥቁር ነጭ ሳይል ለጻፈለት ሁሉ መልስ ይሰጥ ነበር። በ1957 ከ24 ሰዓት በላይ ቆሞ የተናገረው መራጮቹ ስለጠየቁት ነው። ፓርቲ የለወጠው ለመርህ ብሎ ነው። ቢሆንም ኋላ ላይ ተለውጧል። ከጥቁር ሴት ስለወለዳት ልጅ ማንሳት የሰው ጓዳ መግባት ነው። በመጨረሻም «የእኛ የፓርላማ አባላት ከእሳቸው ይማሩ» ይላል።

ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። ጸሐፊው ሰውዬውን «እሳቸው» ይላሉ። እኔ ፈረንጅ አንቱ ማለት አይሆንልኝም፤ «እሱ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ከደብዳቤው ልጀምር፤ ጸሐፊው ብዙውን ትክክል የሆኑት እዚህ ላይ ነውና። ሰውዬው እውነትም ደብዳቤ ላኪ ነበር። ሠራተኞቹ የየከተማውን ጋዜጣ እየለቀሙ ያነባሉ። ልጅ ተመረቀ? የእንኳን ደስ አለህ ደብዳቤ ይሄዳል። ሰው ሞተ? የሐዘን መግለጫ ይሄዳል። የጡረታ ገንዘቡ የዘገየበት፣ ከጦርነት የተመለሰ ልጇ ሕክምና የተከለከለባት እናት፣ ሁሉም ይጽፋል፤ ቢሮው ይከታተላል። እዚያ አገር ሰው ከመሳቢያው የተርሞንድ ፊርማ ያለበት ወረቀት ቢያወጣ ማንም አይገረምም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንላለን። ሳውዝ ካሮላይናም አልለቀቀችውም። በ1996፣ በ93 ዓመቱ ተወዳድሮ፣ 53 በመቶ ድምፅ ሰጥታ መልሳ ላከችው።

እንዲያውም ጸሐፊው የረሱትን ልጨምርላቸው። ወንበሩን ራሱ ያገኘው በሰው እጅ ጽሑፍ ነው። በ1954 የግዛቲቱ ሴናተር በድንገት ሲሞት የዴሞክራት ፓርቲ ሹማምንት ያለ ቅድመ ምርጫ የራሳቸውን ሰው አስቀመጡ። ተርሞንድ አኮረፈ። ስሙ በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የለም። መራጩ እስክሪብቶ አንስቶ «ስትሮም ተርሞንድ» ብሎ በእጁ መጻፍ ነበረበት። ከ140 ሺህ በላይ ሰው ጻፈለት። አሸነፈ። ይህን ሳነብ፣ እውነቴን ነው፣ ሰውዬውን አደነቅሁት።

ግን «ደብዳቤ መለሰ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

እኔ የምኖረው አትላንታ አካባቢ ነው፤ የሳውዝ ካሮላይና ድንበር በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእናቴ የቪዛ ጉዳይ ተንጠልጥሎ ቀረና ለአንድ ሴናተር ጻፍኩ። ስሙ ይቅር። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁጭ ብዬ፣ እህቴ እንግሊዝኛውን እያረመችልኝ፣ አንድ ገጽ ተኩል ጻፍኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ወፍራም ነጭ ፖስታ መጣ። ቴምብር የለውም። በቴምብሩ ቦታ የሴናተሩ ፊርማ ታትሟል፤ የምክር ቤት አባላት ለሥራ ደብዳቤ ቴምብር አይለጥፉም፣ ፊርማቸው ነው ቴምብሩ። ከፈትኩት። «ስለ ኢሚግሬሽን ፖሊሲ ያለዎትን አስተያየት ስላካፈሉኝ አመሰግናለሁ» ይላል። ስለ እናቴ አንድ ቃል የለም። ፊርማው ግን ያምራል። ጣቴን ምራቅ አስነክቼ አሸት አደረግሁት። ቀለሙ ለቀቀ። «በእጁ ነው የፈረመው!» ብዬ ለእህቴ አሳየኋት። ፊርማ የሚፈርም ማሽን እንዳለ፣ ማሽኑም የምር እስክሪብቶ እንደሚጨብጥ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ነገሩ የተንቀሳቀሰው ወደ አካባቢው ቢሮ ስደውል ነው። ስልኩን ያነሳችው ልጅ «መጀመሪያ የፈቃድ ፎርም ሞልተው ይፈርሙ» አለችኝ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰውን ፋይል ያለ ባለጉዳዩ ፊርማ ለሴናተር ቢሮም አይከፍትም። ሞላሁ፣ ፈረምኩ፣ ላክሁ። ከወር በኋላ ፋይሉ የት እንደተቀመጠ ተነገረኝ። ያችን ልጅ መልኳን አላውቀውም፤ እስካሁን ግን እመርቃታለሁ።

ስለዚህ የሴናተር ቢሮ ከንቱ ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ማለት የፈለግሁት ደብዳቤ ከቢሮ ነው የሚወጣው። ቢሮ ፖስታውን ይለያል፣ በየዓይነቱ ይደረድራል፣ ለአንድ ዓይነት ጥያቄ አንድ ዓይነት መልስ ያትማል። ከዚያ ተነስቶ ስለ ሰውዬው ልብ መመስከር ትንሽ ይከብዳል።

«ጥቁር ነጭ ሳይል» ወደሚለው ልምጣ። ጸሐፊው የዘለሏት አንዲት ደብዳቤ አለች። በ1948 ተርሞንድ የሳውዝ ካሮላይና ገዥ ነበር። ለቨርጂን ደሴቶች ገዥ ለዊልያም ሄስቲ ግብዣ ላከ፤ ከቤተሰብዎ ጋር ወደ ግዛታችን ብቅ ይበሉ፣ በገዥው መኖሪያ በእንግድነት ይረፉ የሚል። ሄስቲም በትሕትና አመሰገነ፤ እርስዎም በእኛ በኩል ካለፉ ቤታችን ቤትዎ ነው ብሎ መለሰ። ችግሩ ሄስቲ ጥቁር ነበር። ወሬው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ተርሞንድ ጥቁር መሆኑን ባውቅ ኖሮ አልጽፍለትም ነበር አለ። እሱን መጋበዝማ መሳቂያ መሆን ነው አለ።

እንግዲህ አንድ ጊዜ «ጥቁር ነጭ ሳይል» ጽፎ ነበር ማለት ነው። ሳያውቅ።

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው እሰጣለሁ። በ1947 ግሪንቪል አጠገብ ዊሊ ኧርል የሚባል ጥቁር ወጣት ከእስር ቤት ተወስዶ በመንጋ ሲገደል፣ ተርሞንድ ገዳዮቹ ለፍርድ እንዲቀርቡ አጥብቆ ጠይቋል። 31 ሰዎች ተከሰሱ፤ አብዛኞቹ ታክሲ ነጂዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን፣ በዚያ አገር፣ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ሁሉም ነጻ ወጡ፤ ያ ግን የዳኞቹ ነገር ነው።

ደብዳቤን ካነሳን አይቀር ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ የክላረንደን ጉዳይ ነው። ክላረንደን እዚያው ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ያለች የገጠር አውራጃ ናት። በ1940ዎቹ ለነጭ ተማሪዎች 30 ያህል አውቶቡሶች ነበሯት። ለጥቁር ተማሪዎች አንድም። ልጆቹ ማይሎችን በእግራቸው ይኳትናሉ፤ ሲዘንብ ጭቃው፣ ሲበርድ ብርዱ። ሊቫይ ፒርሰን የሚባል ገበሬ በ1947 ለልጆቻችን አንድ አውቶቡስ ስጡን ብሎ ጻፈ። አውቶቡስ ነው የጠየቀው። ከዚያ በኋላ አበዳሪዎቹ ፊታቸውን አዞሩበት፤ ለእርሻው ብድር የሚሰጠው ጠፋ።

በ1949 ወላጆቹ ተሰብስበው በትምህርት ቤቶች መካከል እኩልነት ይኑር የሚል አቤቱታ ፈረሙ። ከፈራሚዎቹ መካከል ሃሪ ብሪግስና ሚስቱ ኢላይዛ ነበሩ። ሃሪ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ነበር የሚሠራው። በገና ዋዜማ አንድ ካርቶን ሲጋራ ሰጥተው አሰናበቱት። ኢላይዛም ከምታጸዳበት ሞቴል ተባረረች። ሰዎቹን ያስተባበረው ቄስ ጆሴፍ ዲሌይን ቤቱ ተቃጠለ፤ በመጨረሻ ግዛቲቱን ጥሎ ሸሸ።

አቤቱታው የቀረበው ለትምህርት ቦርዱ እንጂ ለተርሞንድ አልነበረም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው። ግን ያኔ ገዥው እሱ ነበር፤ እነዚህም የእሱ ሰዎች ነበሩ። ወረቀት ጻፉ፣ ስማቸውን ፈረሙ። ጉዳያቸው እያደገ ሄደና ከሌሎች አራት ክሶች ጋር ተደምሮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በሜይ 1954 ፍርድ ቤቱ ልጆችን በዘር ለይቶ ማስተማር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ። ውሳኔው የሚጠራው በካንሳሱ ከሳሽ በብራውን ስም ነውና የሰማ ሁሉ ካንሳስን ያነሳል፤ የክላረንደን ገበሬዎች ግን ቀድመው ነው የተነሱት።

ተርሞንድ ለእነዚያ ፊርማዎች መልስ የሰጠው በማርች 1956 ነው። ደቡባውያን የምክር ቤት አባላት ውሳኔውን በሕጋዊ መንገድ ሁሉ እንቃወማለን የሚል መግለጫ አወጡ። 19 ሴናተሮች ፈረሙበት። የመጀመሪያውን ረቂቅ የጻፈው ተርሞንድ ነው። ይህም ደብዳቤ ከተባለ፣ እነ ሃሪ ብሪግስ ያገኙት ይህን ነው። «ለጻፈለት ሁሉ ይመልስ ነበር» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ባነበብኩ ቁጥር ያ የሲጋራ ካርቶን ነው ዓይኔ ላይ የሚመጣው።

ወደ 24 ሰዓቱ ንግግር እንሂድ። ጸሐፊው እዚህ ላይ ብዕራቸውን ለቀቁት፤ «ጽናት»፣ «የሕዝብ አደራ»፣ ምን ያልተባለ አለ። ታሪኩ በራሱ ደስ ይላል፣ አልክድም። በሴኔቱ አንድ ሴናተር መናገሩን እስካላቆመ ድረስ በሕጉ ላይ ድምፅ አይሰጥም፤ ነገሩ ይህ ነው። በኦገስት 28 ቀን 1957 ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ተነስቶ መናገር ጀመረ። በማግስቱ ማታ ነው የተቀመጠው፤ 24 ሰዓት ከ18 ደቂቃ። ሽንት ቤት እንዳያስኬደው ቀድሞ የእንፋሎት ገላ ታጥቦ ሰውነቱን አድርቆ ነው የመጣው። ኪሱ በጉሮሮ ከረሜላ ተሞልቷል። ሚስቱ ስጋ ያለበት ሳንድዊች አዘጋጅታለታለች። የየግዛቱን የምርጫ ሕግ በየተራ አነበበ፣ የነጻነት አዋጁን አነበበ፣ የጆርጅ ዋሽንግተንን የስንብት ቃል አነበበ። አንድ ጊዜ ሴናተር ጎልድዋተር በመሃል ገብቶ ሲናገርለት ሮጦ ሽንት ቤት ደርሶ ተመለሰ። ሲጨርስ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ምክር ቤቱ ድምፅ ሰጠ። ሕጉ 60 ለ15 አለፈ።

ጸሐፊው ያላነሱት አንድ ነገር ቢኖር ሕጉ ስለ ምን እንደነበር ነው። ስለ መምረጥ መብት ነበር። በደቡብ ያሉ ጥቁሮች እንዳይመርጡ የሚከለክላቸውን ሹም የፌዴራል መንግሥት ፍርድ ቤት እንዲያቆመው የሚያስችል፣ እንዲያውም ተሸርሽሮ ተሸርሽሮ የቀረ ቀጭን ሕግ ነበር። ደቡባውያኑ ሴናተሮች ያሰቡትን ያህል ስላለዘቡት በንግግር ላለማስተጓጎል ተስማምተዋል። ተርሞንድ ብቻውን አፈነገጠ፤ ባልደረቦቹ ሳይቀሩ ለታይታ ነው ብለው ተቆጡት።

«መራጮቹ ጠይቀውት ነው» ይላሉ ጸሐፊው። የትኞቹ መራጮች? ሰውዬው አንድ ቀን ሙሉ የቆመው የግዛቱ ሰው ከፊሉ መራጭ እንዳይሆን ነው! ይህን ከያዛችሁ የደብዳቤውም ነገር ይፈታል። የተርሞንድ ቢሮ ለመራጭ ይመልሳል። መራጭ ማን እንደሆነ ለመወሰን ደግሞ ሰውዬው ጉሮሮው እስኪደርቅ ይናገራል።

በነገራችን ላይ ያ ሪከርድ ተሰብሯል። በኤፕሪል 1 ቀን 2025 የኒው ጀርሲው ኮሪ ቡከር 25 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ተናግሮ አለፈው። ቡከር ጥቁር ነው። ታሪክ አንዳንዴ ቀልድ ታውቃለች።

ስለ ፓርቲ ለውጡ ብዙ አልልም። በ1948 ፕሬዚዳንት ትሩማን የጥቁሮችን መብት የሚነካ ፕሮግራም ሲያቀርብ ደቡባውያኑ ከዴሞክራት ፓርቲ ተገንጥለው «ዲክሲክራት» የተባለውን ቡድን አቋቋሙ፤ ለፕሬዚዳንትነት ያቀረቡት ተርሞንድን ነው። ጥቁሮችን ወደ ሲኒማችን፣ ወደ መዋኛችን፣ ወደ ቤታችንና ወደ ቤተ ክርስቲያናችን የሚያስገባ በቂ ጦር የለም ብሎ በአደባባይ ተናገረ። አራት ግዛቶችን አሸነፈ። በጁላይ 1964 የዜጎች መብት ሕግ ሲወጣ ተቃወመ፤ በሴፕቴምበር ያንኑ ሕግ የተቃወመውን የሪፐብሊካኖቹን የፕሬዚዳንት ዕጩ ጎልድዋተርን ደግፎ ሪፐብሊካን ሆነ። «የግዛቶች መብት»፣ ማለትም ግዛቶች ጉዳያቸውን ራሳቸው ይወስኑ የሚለው፣ መርህ ነው ካሉ ይበሉ። መርሁ የሚነቃው ግን ሁልጊዜ በአንድ ጉዳይ ነው። በ2002 በሰውዬው መቶኛ ልደት ላይ የሪፐብሊካኖቹ መሪ ትሬንት ሎት ያኔ እሱ ቢመረጥ ኖሮ ይህ ሁሉ ችግር ባልደረሰብን ብሎ አሞካሸው። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ የመሪነት ቦታውን እንደሚለቅ አስታወቀ። ውዳሴ ያስከፍላል።

«ተለውጧል» የሚለው ግን መልስ የሚገባው ነጥብ ነው። ጸሐፊው ሦስት ማስረጃ አቅርበዋል፤ ሦስቱም እውነት ናቸው። በ1971 ቶማስ ሞስ የሚባል ጥቁር ባለሙያ ቢሮው ውስጥ ቀጠረ፤ ያኔ ለደቡብ ሴናተር አዲስ ነገር ነበር። በ1982 የምርጫ መብት ሕጉ እንዲራዘም ድምፅ ሰጠ። በ1983 የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ብሔራዊ በዓል እንዲሆን ደገፈ። ለጥቁር ኮሌጆችና ለጥቁር ከንቲባዎችም የፌዴራል ገንዘብ አመጣ። ገንዘቡ የደረሰው ኮሌጅ ቢያመሰግነው አልፈርድበትም። ቧንቧ የገባለት መንደር የቧንቧውን ፖለቲካ አይጠይቅም።

ግን ቀኑን ተመልከቱ። በ1965 የምርጫ መብት ሕግ ሲወጣ ተርሞንድ ተቃውሟል። በ1967 ተርጉድ ማርሻል የመጀመሪያው ጥቁር የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሊሆን ሲቀርብ፣ ከመቶ ዓመት በፊት የወጡ የሕገ መንግሥት ማሻሻያዎችን ታሪክ በጥያቄ ላይ ጥያቄ እየደረደረ ሲያስጨንቀው ውሏል። በ1970 ደግሞ ለሳውዝ ካሮላይና ገዥነት አልበርት ዋትሰን የሚባል ሰው ደግፎ አሰለፈ። ዋትሰን ነጮችን በዘር ፍርሃት ለማነሳሳት ሞከረ። ተሸነፈ። በ1965ቱ ሕግ የተመዘገቡት ጥቁሮች ድምፃቸው መቁጠር ጀምሯል። ቶማስ ሞስ የተቀጠረው በማግስቱ ዓመት ነው፤ ሞስ ቀደም ሲል የሚሠራው ደግሞ ጥቁር መራጮችን በማስመዝገብ ነበር።

እኔ የሰውን ልብ አላይም። ምናልባት ልቡም ተነክቶ ይሆናል። የማየው ግን የፖስታ ሳጥኑን ነው፤ የሚጽፍለት ሰው ሲለወጥ የሚመልሰውም ተለወጠ። የለወጡት እነ ሃሪ ብሪግስ ናቸው። ስለ 1948ም ሆነ ስለ 1957 ተርሞንድ ይቅርታ አልጠየቀም። ጸሐፊው «በተግባር ተጸጽቷል» ይላሉ። ደህና፤ እንዲያ ያለ ደብዳቤ አታሚ ሰው አንዲት «ይቅርታ» የምትል መስመር እንዴት ከበደችው?

«የእኛ ተወካዮች ይማሩ» ስለሚለው አንድ ነገር ልበል። ሰው ለተወካዩ ጽፎ መልስ ቢያገኝ እኔም እወዳለሁ። ግን የተርሞንድ ዘዴ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ደጅ ጥናት ነው። አያቶቻችን በጌታ ደጅ ቆመው፣ ጎንበስ ቀና ብለው የሚያገኙትን፣ ሳውዝ ካሮላይና በፖስታ አገኘችው። ጡረታ የሰውየው መብት ነው። በሴናተሩ ፊርማ ሲመጣ ግን ውለታ ይመስላል፤ ውለታ ደግሞ በምርጫ ቀን ይታወሳል። ከእሱ መማር ካለብን እኔ የምመርጠው ያችን ስልክ ያነሳችልኝን ልጅና ፎርሟን ነው።

አሁን ወደ ጓዳው። ጸሐፊው «የሰው ጓዳ አይገባም» ብለው የተቆጡት ተርሞንድ ከጥቁር ሴት ስለወለዳት ስለ ኤሲ ሜ ዋሽንግተን ዊልያምስ ነው። ጨዋነታቸውን አከብራለሁ። ግን ጓዳ ቀድሞ የገባው ማን ነው? የሳውዝ ካሮላይና ሕግ ጥቁርና ነጭ እንዳይጋቡ ይከለክል ነበር። ክልከላው ከግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ላይ የተሰረዘው በ1998 ነው። «ወደ ቤታችን አናስገባም» ብሎ በ1948 መድረክ ላይ የፎከረው ሰው ስለ ሌላው ሰው ቤት፣ ስለ ሌላው ሰው አልጋ ሲወስን ኖሯል። የሱ ቤት ሲነሳ ብቻ ጓዳ ሆነ?

ታሪኩ ይህ ነው። ኬሪ በትለር በተርሞንድ ወላጆች ቤት የቤት ሠራተኛ ነበረች። በ1925 ልጅ ስትወልድ ዕድሜዋ 16 ነበር። እሱ 22 ዓመቱ ነበር፤ አስተማሪ ነበር። ልጅቷን ፔንሲልቬንያ ውስጥ ኮትስቪል በምትባል ከተማ አክስቷ አሳደገቻት። በ1941 እናቷ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ወዳለችው ወደ ኤጅፊልድ ወሰደቻትና ከአንድ ሕግ ቢሮ አስገባቻት። እዚያ የተቀመጠው ነጭ ሰው አባቷ ነበር። ነጭ ይሆናል ብላ አስባ አታውቅም።

ገዥ ሲሆን ኦሬንጅበርግ ባለው የጥቁሮች ኮሌጅ ትማር ነበር፤ በእሱ አስተዳደር ነጭ ኮሌጅ መግባት አትችልማ። በመንግሥት መኪና ይመጣል፤ በኮሌጁ ፕሬዚዳንት ቢሮ ውስጥ ያነጋግራታል። ፖስታ ይሰጣታል። ፖስታው ውስጥ ደብዳቤ የለም። ገንዘብ ነው።

አስቡት። የማያውቀው ሰው ልጅ ሲመረቅ ስሙን ከጋዜጣ ለቅሞ የሚጽፍ ሰው ነው።

ልጅቷ አድጋ ሎስ አንጀለስ አስተማሪ ሆነች፤ ባሏ ሞተባት፤ ልጆች አሳደገች። እሱ በሕይወት እያለ ዝም አለች። በጁን 2003 ሞተ። በዲሴምበር የሳውዝ ካሮላይና ዋና ከተማ ወደሆነችው ኮሎምቢያ መጥታ በ78 ዓመቷ አደባባይ ቆመች፤ ስሟን ተናገረችና አሁን ገና ፍጹም ነጻነት ተሰማኝ አለች። የተርሞንድ ቤተሰብም አልካደም። በ2005 ታሪኳን በመጽሐፍ አወጣች። ርዕሱ «ውድ ሴናተር» ነው። ሰው ለአባቱ ሲጽፍ «አባዬ» ብሎ ይጀምራል። እሷ ግን እንደ ማንኛውም የሳውዝ ካሮላይና ሰው ነው የጀመረችው።

ጸሐፊው ወደ ኮሎምቢያ የመሄድ ዕድል ካጋጠማቸው፣ ከግዛቲቱ ምክር ቤት ሕንጻ ግቢ ውስጥ የተርሞንድ ሐውልት አለ። እየተራመደ ነው የቆመው። ከሥሩ በድንጋዩ ላይ የልጆቹ ስም ተቀርጿል። የአራት ልጆች አባት ይል ነበር። በ2004 የኤሲ ሜ ስም ከታች ተጨመረና «አራት» የሚለው ቃል «አምስት» ተደረገ። ድንጋይ እንደ ወረቀት አይታረምም፤ የተደፈነው ቦታ ያስታውቃል። ጣታቸውን ያሳርፉበት። ይህኛውን ማሽን አልፈረመውም።